አርባ ሦስት መስመር ኮድ

«ሽቦ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ቅጥነቷን አይተው ነው የሚል አለ፤ ከቦርሳዋ የአንቴና ሽቦ ስለማይጠፋ ነው የሚልም አለ። እሷ የትኛው እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ስሙ ከግቢ እስከ ሰፈር ተከትሏት መጥቶ፣ አባቷ ሳይቀር ሰው ፊት «ሽቦ» ይላት ጀመር። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ግን «ልጄ» ነው።

በዚያ ሳምንት ሽቦ ከዓለም ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጻፈችው አርባ ሦስት መስመር ኮድ እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ተቀባይነት እንዲያገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱሮ ሬዲዮ ማለት ጣቢያ መፈለጊያው፣ ማጣሪያው፣ ማጉያው ሁሉ በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ ነበር። አሁን ጣት የምታክል መቀበያ ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች፤ የቀረውን ሥራ ሶፍትዌር ይሠራዋል። ሽቦ የምትጠቀምበትን ሶፍትዌር የሚጽፉት በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው፣ በነጻ። ኮዱ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ማንም ያነበዋል፤ ማንም አሻሽሎ «ይህን ጨምሩት» ብሎ ይልካል። ጠባቂ የሚባሉ ጥቂት ሰዎች ደግሞ የተላከውን መርምረው ያስገባሉ ወይም ይመልሳሉ። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ስድስት ተማሪዎች መርጠው ለሦስት ወር ከጎናቸው ያሠሯቸዋል። ሕጋቸው አጭር ነው። አመልካቹ ተማሪ ይሁን፤ ማመልከቻው ሳይዘጋም ቢያንስ አንድ ሥራው ከዋናው ኮድ ጋር ይቀላቀል። አንድ ብቻ፤ የፈለገውን ያህል ትንሽ ይሁን።

ባለፈው ዓመት ሽቦ ምንም ሥራ ሳይኖራት አመልክታ ነበር። «እናመሰግናለን» እንኳ ሳይሏት ቀሩ። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ትመረቃለች፣ ከተመረቀች ደግሞ ተማሪ አይደለችም።

ሰኞ ዕለት አክስቷ መጣች። አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆና ሃያ ዓመት ስለቆየች ሰውን ሁሉ እንደ ፋይል ነው የምታየው፤ ወይ ቦታው ላይ ነው፣ ወይ ጠፍቷል።

«ለመሆኑ እነዚህ ሰዎችሽ ቢሮ አላቸው?»

«የላቸውም እትዬ።»

«አለቃስ?»

«ጠባቂዎች አሉ።»

«ዘበኛ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም እትዬ፣ ኮዱን የሚጠብቁ።»

«ማን ሊሰርቀው! ክፍት ነው ብለሽኝ አልነበር?» አክስቷ በራሷ ቀልድ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ሰበሰበች። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሻል ይሄ ነው። እኔ ጋ ወንበር አለ፤ ጠረጴዛ አለ፤ ሰው ጡረታ ወጥቶ ክፍት የሆነ ቦታ። እስከሚቀጥለው ሰኞ አቆይልሻለሁ። ከዚያ በኋላ አፌን ሞልቼ የምናገርበት ፊት የለኝም።»

«ዓርብ ይለይለታል» አለች ሽቦ።

«ይለይለታል፣ ይለይለታል!» አለች አክስቷ፣ ሻይዋን ሳትጨርስ እየተነሳች። «እኔ እስካሁን ሲለይለት ያየሁት እብድ ብቻ ነው።»

ሽቦ የተናደደችው አክስቷ ስለተሳሳተች አልነበረም። ትክክል ልትሆን ስለምትችል ነበር።

ሥራው የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ሶፍትዌሩ የሚሰማውን በሙሉ በቀለም ወደ ታች እያፈሰሰ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ በሰማያዊው ላይ እንደ ደማቅ ጭረት ይወርዳል። ሽቦ ከመኝታ ክፍሏ መስኮት ሥር ካለው ጠረጴዛ ሆና ስታይ ግን፣ በጣቢያዎቹ መካከል ሌሎች ፈዛዛ ጭረቶች ነበሩ፤ እኩል እኩል የተራራቁ፣ የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስሉ። ድምፁን ስትከፍተው ደግሞ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው ብላ ደመደመች። ኮዱን ገልጣ ስታነብ ቁጥሮች ያለጥንቃቄ የሚጠጋጉበት ቦታ አገኘች፤ ሰበብ የፈለገ ሰበብ አያጣምና፣ «ይኸው!» አለች። ከዚያ እኩል የተራራቁ ጭረቶችን እያደነ የሚያጠፋ ማጣሪያ ጻፈች። አርባ ሦስት መስመር። ስታስኬደው ማያው እንደ ታጠበ መስታወት ጠራ።

ላከችው። ተመለሰ። መስመሩ ከዳር ገባ የሚለው በአራት ባዶ ቦታ ነው እንጂ በአንድ ቁልፍ ዝላይ አይደለም ተባለ። አስተካክላ ላከች፤ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ መፈተሻ ለምን አልጻፍሽለትም ተባለ። ጻፈች፤ የማብራሪያሽ ርዕስ ረዘመ ተባለ። አሥራ አንድ ጊዜ ተመለሰ። እሷ በሰዓት ውስጥ ትመልሳለች፤ እነሱ በሁለት ቀን፣ በሦስት ቀን። ሥራ አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻል። ከጠባቂዎቹ የሚጽፍላት አንዱ ብቻ ነበር፤ ከስሙ አጠገብ የጉጉት ሥዕል ስላለ በልቧ «ጉጉቱ» ትለዋለች። ሰውየው ወጣት ይሁን ሽማግሌ አታውቅም። የምታውቀው፣ ከእናቷ ሞት ወዲህ የማንንም ቃል እንደዚህ ሰው ቃል ደጋግማ አንብባ እንደማታውቅ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጉጉቱ ጻፈ። «ከሬዲዮሽ ቀድተሽ በላክሽው ቅጂ ላይ ሞከርኩት፤ ንጹሕ ነው። በእኔ በኩል ተቀብያለሁ። ሁለተኛ ጠባቂ ይየውና ሐሙስ አስገባዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው።»

ሽቦ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። የምትነግረው ሰው ፈለገች። ቤት ውስጥ ያለው አባቷ ብቻ ነበር።

አባቷ ሬዲዮ ሠሪ ነው። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ ከእሷ ክፍል የሚለየው አንድ መጋረጃ። አርባ ዓመት ሬዲዮ ሠርቷል፤ አሁን የሚመጣለት አብዛኛው የስልክ ቻርጀርና የእጅ ባትሪ ነው። ሽቦ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት ላፕቶፑን ይዛ ስትመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እስቲ ክፈቺውና ሆዱን ልየው» ብሏት ነበር። ጓደኞቿ አብረዋት ነበሩ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ያንተ ሬዲዮ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም» አለችው፤ ጓደኞቿ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምን እንደምትሠራ ጠይቋት አያውቅም። ሻይ ያመጣል፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ያስቀምጣል፣ ይወጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለውን ተረት ሽቦ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ስለ ራሷ ነው ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ደስታዋን ብቻዋን ልታጣጥም ድምፁን ከፍ አደረገችው። መጀመሪያ ያለ ማጣሪያው፣ ፉጨቱ እንዳለ። መጋረጃው ተገለጠ።

«ያ የሚያፏጨው ምንድነው?» አለ አባቷ።

«የሶፍትዌሩ ስህተት ነው አባዬ። እኔ አጠፋሁት። ስማ።» ማጣሪያውን አበራችው፤ ፉጨቱ ተቆረጠ።

አባቷ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆየ። «ፉጨቱስ ጠፋ። ጣቢያው ላይ ያለው ሰውዬ ግን አፍንጫውን ይዘውት የሚያወራ ይመስላል።»

«አባዬ ደግሞ!»

«ቆይ።» ወጣ፤ መዳፍ የምትሞላ፣ በባትሪ የምትሠራ የኪስ ሬዲዮ ይዞ ተመለሰ። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሞ ሹክሹክታዋ ብቻ እንዲሰማ አደረገ። ከዚያ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ አንሸራተታት። በላፕቶፑ በኩል አለፈ፤ ምንም። በአንቴናው፣ በመስኮቱ፤ ምንም። ጎንበስ ብሎ ወደ ወለሉ አወረዳት። ከእግሯ አጠገብ፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ጥቁሯ ሳጥን ጋ ሲደርስ፣ የኪስ ሬዲዮዋ ያንኑ ቀጭን ፉጨት ጮኸች።

«ይኸው ሌባሽ!» አለ አባቷ፣ እንደ ተንበረከከ። «ርካሽ ቻርጀር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ራሱን ጣቢያ ያደርጋል።»

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ከቻርጀሩ ሲነቀል ያኔውኑ ይጠፋል። ስለዚህ ሽቦ ያንን ማያ ያለ ቻርጀሩ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ሌባው እግሯ ሥር ተጋድሞ እሷ የሰው ቤት ስትበረብር ነበር።

አባቷ አላበቃም። ከመሳቢያው ከባድ ጥቁር የብረት ቀለበት አመጣ። «ካረጀ ቴሌቪዥን የነቀልኩት ነው፤ ለክፉ ቀን ብዬ። በገመዱ የሚወጣውን ጩኸት ያፍነዋል።» የቻርጀሩን ገመድ በቀለበቱ ውስጥ አምስት ጊዜ አዙሮ አጠበቀው። «በይ ያንቺን ማጥፊያ ዝጊውና እይ።»

ዘጋችው። የማበጠሪያው ጥርሶች እንደ ጉም ተገፈፉ። ጣቢያው ላይ ያለው ሰው ጉሮሮው ተከፍቶለት፣ ሙሉ ድምፁን ይዞ ማውራት ጀመረ። አርባ ሦስቱ መስመር ሥራ ፈት ሆኑ።

«ማን ነው ሬዲዮ ሠሪ ሞቷል ያለው? እ?» አባቷ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሆዱ ባይታይም ጅራቱ ይታያል ልጄ!»

«አመሰግናለሁ አባዬ» አለች ሽቦ። ሌላ ቃል ቢወጣት ምን እንደሚሆን ስለፈራች መልሳ አለችው፤ «አመሰግናለሁ።»

ጥቂት ቆይቶ ከጎረቤቱ ጸጉር ቆራጭ ጋር ሲያወራ በመስኮት ሰማችው። «የዩኒቨርሲቲ ማሽን ነው እኮ! ራሳቸው ያቃታቸውን!» ጸጉር ቆራጩ «እንግዲህ ዲግሪውን ላንተ ይስጡሃ!» ሲል፣ አባቷ ሲስቅ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ስንት ዓመቱ ነው?

ረቡዕ ጠዋት ራሷን ማታለያ ፈለገች። ጥፋቱ የቻርጀሯ ቢሆንስ? ቻርጀሩ መጥፎ የሆነ ሰው በዓለም ሞልቷል፤ ማጣሪያው ለነሱ ይጠቅም ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ ሌሎች ተጠቃሚዎች ለሁሉ ያጋሯቸውን ቅጂዎች አወረደች። አንዱ የአየር ሁኔታ ከሚለካ ፊኛ የተቀዳ ነበር። ፊኛው ሰማይ ላይ ከፈነዳ በኋላ መሣሪያው ያለበትን ቦታ በአራት እኩል በተራራቁ ቀጫጭን ድምፆች እየተናገረ ይወድቃል፤ ፈላጊዎቹም ያንን ድምፅ ተከትለው በየማሳው ይሄዳሉ። ያለ ማጣሪያው ከፈተችው። ደካማ ነው፣ ግን አለ። በማጣሪያው ከፈተችው። ጸጥታ። ደግማ ሞከረች፤ ጸጥታ። አርባ ሦስቱ መስመር እኩል የተራራቀ ነገር አጥፋ ተብለዋል፤ አጠፉ። ፊኛውም፣ ቻርጀሩም ለነሱ አንድ ናቸው።

ቀኑን ሙሉ ምንም አልጻፈችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እያደር ነው እንጂ እስከ ዓርብ አይደለም፤ እስኪጠራ ሦስት ወሩን ጨርሼ እወጣለሁ ብላ አሰበች። ሐሳቡ ያስደነገጣት ክፉ በመሆኑ አልነበረም። ልክ ለእሷ የተሰፋ ልብስ ያህል ስለገጠማት ነበር። ማን ይጎዳል? የማታውቀው አንድ ሰው፣ በማታውቀው ማሳ፣ የማያገኘው አንድ ፊኛ። እሷ ግን ራሷን ታውቃለች፤ የአክስቷን መዝገብ ቤት ታውቃለች፤ ጣሪያ የነኩትን መደርደሪያዎች፣ የጥያቄና መልስ ደብዳቤዎቹን፣ እዚያ ገብቶ የወጣ ሰው እንደሌለ።

ሐሙስ ጠዋት ጻፈች። ጀግንነት አልተሰማትም። ሁሉንም አስቀመጠችው፦ ቻርጀሩን፣ የኪስ ሬዲዮዋን፣ በጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደምትንሸራተት፣ የብረት ቀለበቱን፣ አምስቱን ዙር፣ ፊኛውን። «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የእኔ ቤት ነው። እባክህ አታስገባው» ብላ ጨረሰች። ደብዳቤው እንደ ሌላው ነገራቸው ሁሉ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ገጽ ላይ ወጣ።

ጉጉቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰ፤ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። «ስለነገርሽን እናመሰግናለን። ሁላችንም ያለፍንበት ስህተት ነው። ሥራውን ዘግቼዋለሁ። የማመልከቻውን ቀን ማራዘም ግን በእኔ እጅ አይደለም። ሌላ ትንሽ ነገር ካገኘሽ ላኪው፤ ቶሎ አየዋለሁ።»

ሌላ ትንሽ ነገር! «ለጀማሪዎች» ተብለው የተዘረዘሩ ሠላሳ ያህል ሥራዎች ነበሩ፤ ከሠላሳዎቹ አጠገብ ሠላሳ ስም ተለጥፏል። ከእሷ ጋር ስንት ሽቦ በየአገሩ እንዳለ ያኔ ነው የገባት። ዓርብ ጠዋት የአጠቃቀም መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ከስልሳ ገጽ በኋላ አንድ የተገደፈ ፊደል አገኘች፤ አስተካክላ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ያቺኑ ፊደል ሌላ ሰው ከዘጠኝ ደቂቃ በፊት አርሟታል። ስድስት ሰዓት ሆነ። «አመልክት» የሚለው ቁልፍ ግራጫ ሆነ። ሌላ ምንም አልሆነም። ከውጭ ጸጉር ቆራጩ ደንበኛ ሲጠራ ይሰማል።

ትምህርቱ አልቆ ምረቃው ብቻ ስለቀረ፣ ሰኞ ዕለት መዝገብ ቤቱ ገብታ አክስቷ አጠገብ ተቀመጠች። አክስቷ አልተሳለቀችባትም፤ ያ ደግሞ ከስላቅ የባሰ ነበር። ወንበሩን በእጇ ጠራርጋ «እዚህ መስኮት አለ፤ ይሻልሻል» አለቻት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የስድስቱ ስም ወጣ። ሽቦ በስልኳ አየችው። ማየት አልነበረባትም፤ ግን ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉን መንካት ይተዋል? ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሰውየው መጀመሪያ ያስገባው ሥራ ተጠቅሷል። ሦስተኛው ተማሪ ያስገባው ኮድ አልነበረም። ለጀማሪዎች መመሪያ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር፤ «እኩል የተራራቁ ጭረቶች ካየህ፣ ስህተት ነው ብለህ ከመጻፍህ በፊት»። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተልኮ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገብቷል።

አነበበችው። በባትሪ የሚሠራ የኪስ ሬዲዮ ውሰድ ይላል። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁመው። በጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለህ አንሸራት። ቻርጀሩን አትርሳ። የብረት ቀለበት፤ አምስት ዙር። ከግርጌው ደግሞ፦ «ይህን ለጠቆሙን አመልካች ምስጋና ይድረስ።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣ አላት። ልጁ አልሰረቀም። ደብዳቤው ሜዳ ላይ ነበር፤ ክፍት ማለት ይሄ ነው። እሷ ኑዛዜ ብላ የጻፈችውን እሱ አንብቦ ገጽ አየበት። ደብዳቤውን በላከችበትና ቀነ ገደቡ ባለቀበት መካከል ሃያ ስድስት ሰዓት ነበራት። የተገደፈ ፊደል ስትፈልግ ጨረሰችው።

ከሥራ ስትመለስ አባቷ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«መጣሽ ልጄ?»

«መጣሁ። አባዬ... ያንተ ብልሃት እኮ መጽሐፍ ላይ ወጣ።» ለምን እንደነገረችው አታውቅም። ከዚያ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ ደስ ይበለው ብላ ይሆናል። በስልኳ እየተረጎመች አነበበችለት። እሱ መበየጃውን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሰማ።

«አምስት ዙር ብለዋል?»

«አምስት ዙር።»

«ሰባት ቢሆን ይሻል ነበር። እኔ ገመዱ ስላጠረ ነው።» ፈገግ አለ። «ስሜን ጻፉት?»

«አልጻፉትም።»

«ይሁን፤ እኔን ከየት ያውቁኛል። ያንቺንስ?»

«የእኔንም አልጻፉም።»

«እንዴ! ታዲያ አንቺ የላክሽው ሥራ የት ሄደ? ሊያስገቡት አልነበር?»

«መለስኩት አባዬ። ስህተት ነበር። ስህተት መሆኑን ያወቅኩት...» አልጨረሰችውም።

አባቷ ዕድሜውን በሙሉ ድምፅ ከሞተበት ጫፍ ተነስቶ፣ ሽቦ በሽቦ እየተከተለ፣ ነገሩ የተቆረጠበት ቦታ የሚደርስ ሰው ነው። አሁንም እንደዚያው ሲያደርግ በፊቱ ላይ አየችው። በሐሳቡ ከመዝገብ ቤቱ ተነሳ፤ ወደ ዓርብ ሄደ፤ ወደ ሐሙስ፤ ወደ ማክሰኞ ደረሰ።

«እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያን ዕለት እኔ ዝም ብል ኖሮ፣ ይወስዱሽ ነበር ማለት ነው?»

«አይ አባዬ» ለማለት አፏን ከፈተች። ቃሉም ወጣ። ግን ትንሽ ዘግይቶ ወጣ፤ አባቷም ያንን መዘግየት ሰማው።

አንድ ደንበኛ የእጅ ባትሪ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ጌታዬ፣ ይህቺን ብታይልኝ?» አለ።

«ዘግቻለሁ» አለው አባቷ። በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ነበር። ደንበኛው በሩን አየ፣ ሽቦን አየ፣ ባትሪውን ይዞ ሄደ።